ያለውን ብርሃን ማቆየት፤ የዓይን ግፊት ቀዶ ሕክምናና የባሌ ደጋ

ጳጉሜን 3 ቀን በቅዱስ ሩፋኤል በዓል ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የቆመ ምእመን የጦቢትን ነገር ሳይሰማ አይመለስም፤ ጻድቁ ሽማግሌ በቅጥር ሥር ተኝቶ ሳለ የወፍ ኩስ ከዓይኑ ላይ ወድቆ ብልዝ እንዳወጣበት፣ ባለ መድኃኒቶች ሊፈውሱት እንዳልቻሉ፣ በኋላም ልጁ ጦብያ መልአኩ እንዳስተማረው በዓሣ ሐሞት ቢኩለው ነጩ ከብሌኑ ላይ ተገፎ ልጁን ለማየት እንደ በቃ። ይህ ታሪክ የሚሰጠው መንፈሳዊ ትምህርት ለሊቃውንቱ ይቆየንና፣ ስለ ዓይን ፈውስ በሕዝባችን ልቡና ውስጥ የተከለው አሳብ ግን ለያዝነው ጉዳይ እጅግ ያስፈልገናል፤ ይኸውም ዓይን የሚጠፋው አንዳች ነገር ከፊቱ ስለሚጋረድበት ነው፣ ግርዶሹም ሲገፈፍ ብርሃን ይመለሳል የሚለው ነው። የዓይን ሞራ ግርዶሽ እንዲህ ያለ ስለሆነ፣ ሞራው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ የተተካላት አሮጊት በማግሥቱ ፋሻው ሲፈታላት የልጅ ልጇን ፊት ለይታ እልል ስትል ያየ ሁሉ፣ አሳቡ እውነት መሆኑን ይመሰክራል።

በተለምዶ የዓይን ግፊት የሚባለው ግላኮማ ግን ከዚህ አሳብ ውጭ የሆነ ሕመም ነው። ከፊት ለፊት የተጋረደ ነገር የለውም፤ የሚሞተው ከዓይን ኳስ ጀርባ ተነሥቶ ያየነውን ሁሉ ወደ አንጎል የሚያደርሰው፣ ከ1 ሚሊዮን የማያንሱ ቀጫጭን ክሮች የተጎነጎኑበት የዕይታ ነርቭ ነው፤ የሞተውም ክር እስከ ዛሬ በታወቀው የሕክምና ጥበብ አይነሣም። እንግዲህ ሐኪሙ በግላኮማ ሕመምተኛ ዓይን ላይ ምላጭ የሚያነሣው የጠፋውን ሊመልስ ሳይሆን የቀረውን ሊያቆይ ነው። በባሌ ደጋም ሆነ በሌላው የሀገራችን ክፍል የዚህን ሕመም ሕክምና ከገንዘብ ማጣትና ከመንገድ ርቀት ባልተናነሰ የሚያሰናክለው ይኸው ልዩነት አለመታወቁ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱንም ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አስቀድሞ የሕመሙን አሠራር ማስረዳት ይገባል። በዓይን ውስጥ ከአይሪሱ፣ ማለት በብሌኑ ዙሪያ ካለው ባለ ቀለም ክፍል፣ በስተጀርባ ካለው ቀለበት መሰል አካል በየደቂቃው ከ2 እስከ 3 ማይክሮ ሊትር የሚሆን ጥሩ ውኃ ይመነጫል። ይህ ውኃ እንባ አይደለም፤ ደም ሥር የሌላቸውን ሌንስንና ኮርኒያን እየመገበ፣ በብሌኑ ቀዳዳ አልፎ ወደ ፊተኛው የዓይን ክፍል ይወጣና፣ አይሪሱና ኮርኒያው በሚገናኙበት ጥግ ባለው ወንፊት ተጣርቶ ወደ ደም ሥር ይገባል፤ በዚህም ዓይነት የፊተኛው ክፍል ውኃ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይታደሳል። የሚመነጨውና የሚፈሰው ሲመዛዘን የዓይን ግፊት በአብዛኛው ሰው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ባለው ልክ ይጸናል። በባሌ የሲናና ገበሬ ጥቁር አፈሩ ውኃ ቋጥሮ የስንዴውን ሥር እንዳያፍንበት በማሳው መካከል ቦይ እንደሚያወጣ፣ ተፈጥሮም ለዓይን ቦይ አውጥታለታለች፤ ቦዩ የተደፈነ እንደ ሆነ ውኃው ይቋጠራል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ነርቩ ከዓይን በሚወጣበት ሥፍራ ያሉት ክሮችም ጥቂት በጥቂት ይደርቃሉ። ግፊቱ ከልክ ሳያልፍ ነርቩ የሚጎዳበት ሰው መኖሩ፣ ግፊቱ ከፍ ብሎም ለዓመታት ሳይጎዳ የሚቆይ ሰው መኖሩ እውነት ስለሆነ፣ ግፊትን ብቻ ለክቶ ነርቩን ሳያዩ ሰውን ማሰናበት አይገባም። ቢሆንም ሐኪም ሊለውጠው የሚችለው ነገር ግፊቱ ብቻ ነው፤ ጠብታውም፣ ጨረሩም፣ ቀዶ ሕክምናውም የሚሠሩት በዚሁ ላይ ነው።

በጣም የሚያሳዝነው ጠባዩ ዝምታው ነው። በአብዛኛው ዓይነት ሕመም የለም፣ መቅላት የለም፤ በመጀመሪያ የሚጠፋው የዳርቻው ዕይታ ስለሆነና የአንዱን ዓይን ጉድለት ሌላው ስለሚሸፍንለት፣ ሰውዬው ከሩቅ የመጣውን እንግዳ ፊት እየለየ በእግሩ ሥር ያለው ድንጋይ ግን ያደናቅፈዋል፤ ቤተ ሰቡም እርጅና ነው ብሎ ያልፈዋል። የቦዩ ጥግ በድንገት የሚዘጋበት ሁለተኛው ዓይነት ብቻ ነው ብርቱ ራስ ምታት፣ ማስመለስና የዓይን መቅላት አምጥቶ ሰውን በዚያው ሌሊት ወደ ሐኪም የሚያስሮጠው።

በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ሥውር መሆኑ ተረጋገጠ፤ ለሥውርነቱም ምክንያት 49.9 በመቶውን የዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶውን ትራኮማ ያደረሰው የኮርኒያ ጠባሳ፣ 5.2 በመቶውን ደግሞ ግላኮማ እንደ ያዙ ተመዘገበ። ይህን አኃዝ ያነበበ ባለ ሥልጣን ያለችውን ጥቂት ገንዘብ ወደ ሞራና ወደ ትራኮማ ቢያዞር የሚፈርድበት የለም። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹም በ1999 እ.ኤ.አ. መከላከል የሚቻለውን ሥውርነት እስከ 2020 ለማጥፋት ያቀዱትን ታላቅ እንቅስቃሴ ሲጀምሩ፣ በቅድሚያ ከዘረዘሩአቸው ሕመሞች መካከል ግላኮማን አላስገቡም፤ በርካሽ መሣሪያ ፈጥኖ የሚለይበት፣ በአንድ ጊዜ ሕክምናም የሚፈወስበት መንገድ አልነበረምና። በትራኮማ በኩል አዚትሮማይሲን በነፃ ለሚሊዮኖች ታደለ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈው የዓይን ፀጉርም በየጤና ጣቢያው ተቃና፤ በሞራ በኩል ዘመቻው ተደጋገመ። የዚህ ሁሉ በጎ ሥራ ውጤት ግን አንድ ሳይታሰብ የሚከተል ነገር አለው፤ ሞራውና ትራኮማው በቀነሱ መጠን፣ ሰውም ዕድሜው በረዘመ መጠን፣ ከቀሪዎቹ ዓይነ ሥውራን መካከል የግላኮማ ድርሻ እየሰፋ ይሄዳል። በዓለም ዙሪያ በ2020 እ.ኤ.አ. ወደ 76 ሚሊዮን ይደርሳሉ የተባሉት የግላኮማ ሕመምተኞች በ2040 ከ111 ሚሊዮን እንደሚያልፉ የተገመተውም የሕዝቡ ቁጥርና ዕድሜ እየጨመረ ስለሚሄድ ነው። የ5.2 በመቶ ግምት ያወጣው የቅድሚያ ሥርዓት እንግዲህ ዘመኑ አልፎበታል።

ለደጋው ሰው ደግሞ ሌላ የሚያሳስብ ነገር ይጨመርበታል። ፊንላንዳዊው ሐኪም ዮን ሊንድበርግ በ1917 እ.ኤ.አ. በሌንሱና በብሌኑ ጠርዝ ላይ ፎረፎር የመሰለ ነጭ ብናኝ የሚታይባቸውን ሽማግሌዎች መዝግቦ ነበር፤ ይህ ዛሬ ኤክስፎሊዬሽን የሚባለው ሁኔታ ብናኙን ወደ ዓይኑ ቦይ እየወሰደ ይደፍነዋል። ለብዙ ዘመን የሰሜን አውሮፓ ሕመም ተደርጎ ሲቆጠር ከቆየ በኋላ፣ በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ለሞራ ቀዶ ሕክምና ከተዘጋጁ ሕመምተኞች መካከል ከመቶው 39 ያህሉ ይህ ብናኝ እንደ ተገኘባቸው በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አስታወቀ። ተመራማሪዎች ከዘር በተጨማሪ ለብርቱ የፀሐይ ብርሃን ብዙ ዘመን ከመጋለጥ ጋር ያያይዙታል። የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ከፍታ በቆመበት፣ የጎባና የሮቤ ከተሞች ራሳቸው ከ2,400 ሜትር በላይ በተቀመጡበት፣ ገበሬውም ዕድሜውን ሙሉ ያለ ጥላ በሚውልበት በባሌ ይህን ነገር ችላ ማለት አይገባም። የኤክስፎሊዬሽን ግላኮማ ግፊቱ ከፍ ብሎ የሚወጣ፣ ከቀን ወደ ቀን የሚዋዥቅ፣ ነርቩን በፍጥነት የሚያደርቅ፣ ለጠብታም እንደ ሌላው በቀላሉ የማይገዛ ስለሆነ ከሌላው ይልቅ የቀዶ ሕክምናን እጅ ይሻል።

ጠብታው ራሱ እንዴት ነው? በሥነ ሥርዓት ለሚጨምረውና ለሚችለው ሰው መልካም መድኃኒት ነው። ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ገበያ የተሠራጨው ቲሞሎል ርካሹ ነው፤ ነገር ግን አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊቆርጥበት ስለሚችል ሳይጠይቁ አይሰጥም። ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣው ላታኖፕሮስት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ማታ ቢጨመር የሚበቃ ብርቱ መድኃኒት ሲሆን፣ ዋጋው ከቲሞሎል ይልቃል፤ ማኅተሙ እስኪከፈት ድረስም በማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ ይኖርበታል። አንዲት ብልቃጥ ለአንድ ወር ትሆናለች፤ ከዚያ ሌላ ብልቃጥ፣ ከዚያም ሌላ፣ እስከ ዕለተ ሞት። የሐረናን ጫካ ተሻግሮ ከደሎ መና ቆላ የሚመጣ ሰው ጎባ ለመድረስ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለበት፤ በክረምት ጉምና ቁር ይህ መንገድ ለጤነኛውም ፈተና ነው። ወጪው ደግሞ የሚታይ ጥቅም የማይሰጥ ነው፤ ሰውዬው ጠብታውን ጨምሮ ከትናንት የተሻለ አያይም፣ ዓይኑም ያቃጥለዋል፣ ባይጨምርም በማግሥቱ የሚሰማው ልዩነት የለም። በዚህ ጊዜ ለማዳበሪያና ለልጅ ደብተር የሚሆነውን ገንዘብ ለብልቃጥ ማውጣቱን ቢያቋርጥ ሰነፍ ነው ተብሎ ሊነቀፍ አይገባውም።

በዚህ ምክንያት ነው ቀዶ ሕክምናው ለእንደዚህ ያለ ሀገር የመጨረሻ መጠጊያ ሳይሆን የመጀመሪያ አሳብ መሆን ያለበት። ነገሩ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በርሊናዊው አልብሬኽት ፎን ግሬፌ በ1857 እ.ኤ.አ. ከአይሪሱ ቁራጭ በማውጣት የተዘጋውን ጥግ ከፍቶ ያን ጊዜ ፈውስ የለውም ይባል በነበረው ሕመም ላይ የመጀመሪያውን ድል አሳየ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበትን ትራቤኩሌክቶሚ የሚባለውን ሥራ ግን ያስፋፋው በ1968 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ የጻፈው ጆን ኬርንስ ነው። ሥራው በአካባቢ ማደንዘዣ፣ ሕመምተኛው ነቅቶ እየሰማ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሐኪሙ በላይኛው የዓይን ቆብ ሥር ያለውን ስስ የዓይን ልባስ ይገልጣል፤ ከነጩ የዓይን ግድግዳ ግማሽ ውፍረት ያላት ትንሽ ክዳን ያነሣል፤ ከክዳኗ ሥር ወደ ውስጥ የሚያስገባ ቀዳዳ ይከፍታል፤ አይሪሱ ቀዳዳውን እንዳይደፍነው ከጠርዙ ጥቂት ይቆርጣል፤ ክዳኗን ከፀጉር በሚቀጥን የናይለን ክር መልሶ ይሰፋታል፤ ከዚያም ልባሱን ይመልሳል። ውኃው በክዳኗ ዳርና ዳር እየሾለከ ከልባሱ ሥር ይጠራቀማል፣ ከዚያም ቀስ ብሎ በደም ሥር ይመጠጣል።

የዚህ ሥራ ጠላት ራሱ የሰውነት የመዳን ኃይል ነው። ሰውነት ቁስልን ሁሉ ለመድፈን ስለሚተጋ አዲሱንም ቦይ ይደፍነዋል፤ ጥቁር ሕዝቦች ደግሞ ጠባሳ የሚያወጡበት ኃይል ብርቱ መሆኑ በብዙ ጥናት ታይቷል። ስለዚህ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በታይዋን የተጀመረው ዘዴ፣ ማለት ማይቶማይሲን የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት በስፖንጅ ነክሮ ለጥቂት ደቂቃ ከልባሱ ሥር አኑሮ በብዙ ውኃ ማጠብ፣ ለአፍሪካዊ ዓይን ከጌጥነት አልፎ ግዴታ ሆኗል። መድኃኒቱ መጠኑ ከበዛ ልባሱን አሳስቶ ለልክፍት ያጋልጣል፣ ካነሰም አይጠቅምም።

ቀዶ ሕክምናው ቀደም ብሎ ይሁን ወይስ ጠብታው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ የሚለውን ክርክር በብዙ የፈታው በብሪታንያ በ27 ሆስፒታሎች በ453 ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ በ2021 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው ጥናት ነው። ሰዎቹ ሁሉ ሲመጡ ሕመሙ የጸናባቸው ነበሩ፤ ግማሾቹ በቀጥታ ቀዶ ሕክምና፣ ግማሾቹ ጠብታ ተሰጣቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኑሮአቸውን በሚመለከት ለሚጠየቁት ጥያቄ ሁለቱም ወገን ተመሳሳይ መልስ ሰጡ፤ ግፊቱ ግን በቀዶ ሕክምናው ወገን በአማካይ 12.4፣ በጠብታው ወገን 15.1 ሆኖ ተገኘ። እነዚህ የጠብታው ሰዎች መድኃኒታቸው ሳይጓደል የሚደርሳቸው፣ ሐኪማቸውም በቅርብ የሚገኝላቸው መሆናቸውን ልብ ይሏል። ከዚያ በፊት በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ሌላ ታላቅ ጥናት፣ በተመረመሩ ቁጥር ግፊታቸው ከ18 በታች ሆኖ የተገኘ ሕመምተኞች በአማካይ ዕይታቸው ለዓመታት ጸንቶ መቆየቱን አሳይቷል። የኛ ሰው ብዙ ጊዜ አንዱ ዓይኑ ከጠፋ፣ ሁለተኛውም ከተጋመሰ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ለእርሱ ወደ 12 የሚያወርደውን ሥራ አቆይቶ በማይደርሰው ጠብታ ሲያመላልሱት መክረም፣ በእኔ ፍርድ፣ ጥንቃቄ ሳይሆን ጊዜ ማጥፋት ነው።

ዳሩ ግን እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። የሞራ ቀዶ ሕክምና በዘመቻ ይሠራል፤ ቡድኑ መጥቶ በአንድ ሳምንት መቶዎችን ሠርቶ ቢመለስ፣ አብዛኞቹ በማግሥቱ ያዩትን ብርሃን ይዘው ይኖራሉ። የግላኮማ ቀዶ ሕክምና ግን በቀዶ ሕክምናው ክፍል አያልቅም፤ ግማሹ ሥራ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። በማግሥቱ ግፊቱ እጅግ ወርዶ ዓይኑ እንዳልሟሸሸ ይታያል፤ በመጀመሪያው ወር ሕመምተኛው በየሳምንቱ መመለስ ይገባዋል፤ ጠባሳው እንዳይጠነክር ስቴሮይድ ጠብታ በየሁለት ሰዓቱ ተጀምሮ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀነሳል፤ ግፊቱ ከፍ ካለ የክዳኗ ክር ይቆረጣል፣ ወይም ሐኪሙ በመርፌ ጠባሳውን ይበጣጥሳል። ይህ ሁሉ የሚደረግበት ቀን አስቀድሞ አይታወቅም፤ ዓይኑ ራሱ ነው የሚናገረው። የመዳኑ ኃይል የሚበረታው ከሁለተኛው ሳምንት እስከ ሁለተኛው ወር ባለው ጊዜ ሲሆን፣ የዘመቻው ቡድን በዚያን ጊዜ ሻንጣውን ጭኖ ሌላ ከተማ ደርሷል። በሊቃውንቱ አነጋገር፣ ግላኮማ ወንበር የተተከለለት መምህር ይሻል እንጂ በዐውደ ዓመት አልፎ የሚሄድ ሰባኪ አይበቃውም።

የባሌ ሰው ወንበሩን ፍለጋ ወዴት ይሂድ? ሮቤ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በሻሸመኔ በኩል ወደ ሐዋሳ የሚሄድም እስከ ሻሸመኔ ብቻ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። አሮጌው አባት ብቻውን አይሄድም፤ የሚመራው ልጅ ይከተለዋል፤ በአጨዳ ወራት ከሆነ ኮምባይነሩ ተራ የሚጠብቅበት ማሳ ባለቤት አልባ ይቀራል። ለአንድ ጊዜ ጉዞ በሬ የሸጠ ቤተ ሰብ በየሳምንቱ ተመለሱ ሲባል አይመለስም፤ በዚህም ምክንያት ጥሩ ሆኖ የተሠራ ዓይን በሁለተኛው ወር ይደፈናል፤ ሰውም ሁሉ የሚያጉረመርመው በቀዶ ሕክምናው ላይ ይሆናል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ድንቅ ሆኖ ከተሠራና ክትትል ካጣ ሥራ ይልቅ፣ በጎባ መጠነኛ ሆኖ ተሠርቶ በየሳምንቱ የታየ ሥራ ይበልጣል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብም ይኸው ነው።

አሁን በመጀመሪያ ወዳቆየሁት ልዩነት ልመለስ። ሕመምተኛው የጎረቤቱን የሞራ ፈውስ አይቶ ነው የሚመጣው፤ «ኦፕሬሽን» ሲባል በልቡናው የሚመጣለት በማግሥቱ የሚፈታ ፋሻና እልልታ ነው። በግላኮማው ማግሥት ግን ዓይኑ ይጭገረገርበታል፣ ይቆረቁረዋል፣ ለጥቂት ሳምንት ከቀድሞው አሳንሶ ያያል፤ ከዓመታትም በኋላ ሞራ ፈጥኖ ሊያወጣበት ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያልነገሩት ሰው ወደ መንደሩ ሲመለስ የሚያወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሳወሩኝ ይላል። በገበያ ቀን እንዲህ ያለ አንድ ቃል የአሥር የዓይን ነርሶችን ትምህርት ያፈርሳል። ስለዚህ የዓይን ነርሷ ከፊርማው ወረቀት በፊት በሚሰማው ቋንቋ፣ ለብዙው የባሌ ሰው በኦሮምኛ፣ «አባባ፣ ይህ ሥራ የጠፋውን አይመልስልዎትም፤ ያለዎት እንዳይጠፋ ነው፤ ለጥቂት ሳምንትም ይብስብዎታል» ብላ፣ ልጁም እንዲሰማ አድርጋ፣ ደግማም አስረድታ ብትነግረው፣ ይህ ንግግር እንደ ማይቶማይሲኑ ሁሉ ከሕክምናው ክፍል ነው። እንዲህ ተነግሮት «ታዲያ ምን ይጠቅመኛል?» ብሎ የሚሄድ ይኖራል። ይሂድ፤ እውነት ሰምቶ የሄደ ሰው ሁለተኛው ዓይን ሲደክምበት ይመለሳል፣ ተታልሎ የታከመ ግን አይመለስም። ጸበል የሚጠመቀውንም፣ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን ሄዶ የሚሳለመውንም ከሐኪሙ ጋር ማጋጨት ጥቅም የለውም፤ እምነቱን ሳይነኩ ጠብታውን እንዳያቋርጥ፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ባሉት ሳምንታትም ያልተጣራ ውኃ ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ ለካህኑም ለሼኩም ቢያስረዱአቸው እነርሱ ራሳቸው ይመክሩታል።

ከትራቤኩሌክቶሚ ሌላ የተገኙትን መንገዶች በአጭሩ ልንካ። ቦዩ ተመልሶ ለሚደፈንበት ዓይን፣ ደቡብ አፍሪካዊው አንቶኒ ሞልቴኖ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የጀመረው ከዓይን ውስጥ ወደ ውጭ ውኃ የምትመራ ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ አለች፤ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሕመድ ቫልቭ ግፊቱ አለመጠን እንዳይወርድ የሚቆጣጠር ክዳን ጨመረባት፤ ዋጋዋ ግን ለደኻ ሀገር አይቀመስም ነበር። በሕንድ ማዱራይ ያለው የአራቪንድ ዓይን ሆስፒታል አውሮላብ በሚባለው ፋብሪካው ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመሳሳይ ቱቦ በብዙ እጥፍ ርካሽ አድርጎ አወጣ፤ ዕድል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ዓይኑ ሊጠፋ ለተቃረበ ሰው ውኃውን የሚያመነጨውን አካል በጨረር ማዳከምም ይቻላል። ሁሉን የሚበልጥ ዜና ግን የመጣው ከምሥራቅ አፍሪካዋ ከታንዛኒያ ነው፤ በሞሺ በኪሊማንጃሮ ሆስፒታል በ201 ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ቦዩን በቀላል ሌዘር መንካት ከአንድ ዓመት በኋላ በ61 በመቶው ዓይን ሲሳካ፣ ቲሞሎል የተሳካው በ31 በመቶው ብቻ ነው። ሌዘሩ ዘላለማዊ አይደለም፣ ሊደገም ይችላል፤ ምላጭ የለበትም፣ ክትትሉም ይቀላል። መሣሪያው ውድ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተገዛ ግን ለብዙ ሺህ ዓይን ይሆናልና፣ ለመጀመሪያው ደረጃ ሕመምተኛ ከጠብታ ብልቃጥ ይረክሳል። እንግዲህ ለጎባ ምን ይገዛ ቢባል፣ ሕመሙ ገና የጀመረውን በሌዘር፣ የጸናበትን በትራቤኩሌክቶሚ መያዝ የሚያስችለውን እላለሁ፤ በውጭ ሀገር ጋዜጦች የሚሞገሱት በዓይን ውስጥ የሚተከሉ ጥቃቅን ብረቶች ለጊዜው ይቆዩ፤ ዋጋቸው ብዙ፣ ለተዳከመ ነርቭ የሚሰጡት የግፊት ቅነሳ ግን ጥቂት ነው።

በአንድ ነገር ላይ ምሬቴን ሳልደብቅ ልናገር። ዓይኑን የሚበላውን ልጅ ወደ ፋርማሲ ሲወስዱት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥለት ዴክሳሜታዞን የተቀላቀለበት ጠብታ፣ ማሳከኩን ወዲያው ስለሚያበርድ በወር በወሩ ይገዛል፤ ዳሩ ግን ይኸው ስቴሮይድ በወራት ውስጥ የዓይን ግፊት ከፍ አድርጎ ለዕድሜ ልክ ነርቩን ሊያደርቅ ይችላል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሐኪም ዓይን ሥር ቦዩን የሚያድነው መድኃኒት በገበያ እጅ ለጤነኛ ልጅ ሥውርነት ምክንያት ይሆናል። ይህን ለማቆም ጥናትም ቱቦም አያስፈልግም፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ የሚከለክለው ደንብ ቀድሞም አለ።

የዓይን ስፔሻሊስቶቻችን ከመቶ ሚሊዮን ለበለጠ ሕዝብ እጅግ ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም በአዲስ አበባ ይኖራሉ። በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የተተከለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ትምህርት ክፍል፣ ከእርሱም በኋላ ጎንደርና ጅማ ሐኪሞችን ማሠልጠናቸው ትልቅ ነገር ነው፤ የሚቀረው ሠልጣኙ በጎባ የሚቆይበትን ነገር ማዘጋጀት ነው። መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ ላይ፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ ደግሞ በ14 ኪሎ ሜትር ርቀት ጎባ ላይ መሆናቸው ለዚህ ያመቻል። ከሐኪሙ ሌላ በጊኒር፣ በደሎ መና፣ በዶዶላና በአጋርፋ ግፊት መለካትና የቀላውን ዓይን በዚያው ዕለት መላክ የሚችሉ የዓይን ነርሶች፣ ሕመምተኛው ቢጠፋ በስልክ የሚፈለግበት አንድ መዝገብ፣ በመጀመሪያው ወርም የሚያድርበት ማረፊያ ያስፈልጋል። ማረፊያው አዲስ ነገር አይደለም፤ ወላዶች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቆዩበትን የእናቶች ማቆያ በየጤና ጣቢያው የሠራ ሕዝብ ለዓይን ሕመምተኛ ጥቂት አልጋ መዘርጋት አያቅተውም። የነርቩን ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሩቅ ስፔሻሊስት የሚልክ ምርመራም በአዲስ አበባ ከካናዳው ከአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተሞክሮ ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ከሮቤ ወደ አዲስ አበባ ፎቶግራፍ ለመላክ የሳነቴን ጉም መሻገር አያስፈልግም።

ይህ እስኪሆን ድረስ ግን አንባቢውን በአንድ ነገር እለምነዋለሁ። ግላኮማ በቤተ ዘመድ ይሄዳል፤ አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ በዚህ ሕመም የተያዘበት ሰው አደጋው ከሌላው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ዘመድ ያለህ፣ ዕድሜህም 40 ያለፈ፣ በሮቤ ገበያ ወይም በጎባ ጉዳይ ያለህ አንባቢ ሆይ፣ ዓይንህ ቢያይም ግባና ግፊቱን አስለካ፤ መድኃኒት ተጨምሮ ብሌንህ ሰፍቶ ነርቭህም እንዲታይ ጠይቅ፤ ከምርመራው በኋላ ለጥቂት ሰዓት ብርሃን ስለሚያስቸግርህም የሚመራህ ሰው ይዘህ ሂድ።